ጽዋው ተራዬ ደርሷል፣ እጄ ግን አጥሯል

«ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የምኖር ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። 24 አባላት ያሉት የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለኝ። እናቴ ስታርፍ በእሷ ቦታ የተተካሁ ነኝ። በእሷ ጊዜ የሚቀርበው ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ ነበር። ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። አንዷ በግ ስታርድ ቀጣይዋ ሁለት ታርዳለች። ሌላው ድንኳንና ወንበር ተከራይቶ ቢራ በሣጥን ያስገባል። ግንቦት ላይ የደረሰው ቤትማ ቪዲዮ አንሺ ሳይቀር ጠርቷል።

የእኔ ተራ ኅዳር 12 ነው፤ ያውም የዓመቱ በዓል። ባለቤቴ የሚነዳው ባጃጅ ነው። ሥራው አንድ ቀን አለ፣ ሦስት ቀን የለም። እሱ ‹ለጠገበ ሰው ሥጋ ከማብላት ማኅበሩን ተዪውና ያቺን ብር ለነዳያን ስጫት› ይለኛል። አማቴ ደግሞ ‹ጽዋ አይመለስም። እነ ዱራታዎስ ልብሳቸውን ሸጠው አይደል ሚካኤልን የዘከሩት?› ይሉኛል። በጥሎሽ የመጣልኝን የአንገት ሐብል ልሸጠው ነው። እሱም ስለማይበቃ ከአንድ ዘመድ 20 ሺህ ብር ለመበደር አስቤአለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ከአባላቱ አንዷ ጉልት እየቸረቸረች ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። ተራዋ ሲቃረብ ‹አሞኛል› ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ መጥታ አታውቅም። እንዳላመማት ግን አውቃለሁ። አንዳንዴ ባለቤቴ ሳያይ ትንሽ ጤፍ ቋጥሬ እወስድላታለሁ። ይህስ ሌብነት ይሆንብኝ ይሆን? ምን ባደርግ ይሻላል?

ተረኛዋ፣ ከባሕር ዳር»

እኅቴ ተረኛዋ፣

ቀኑ እየቀረበ ስለሆነ መልሱን ላስቀድምልሽ። ሐብልሽን አትሽጪ። ብሩንም አትበደሪ። ማኅበሩንም አትተዪ። ኅዳር 12 ቀን ቤትሽን ክፈቺና እንደ እናትሽ ጊዜ በዳቦ፣ በጠላና በንፍሮ ዘክሪ። ለምን እንዲህ እንደምልሽና ይሉኝታውን እንዴት እንደምትሻገሪው ደግሞ ረጋ ብዬ ልንገርሽ።

ከአማትሽ ቃል እጀምራለሁ። ከሁሉም ይልቅ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ያነሱት ታሪክ አለ፤ ኅዳር 12 ቀን በስንክሳር፣ የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ በሚነበብበት መጽሐፍ፣ የሚነበብ ነው። ዱራታዎስና ሚስቱ ቴዎብስታ እግዚአብሔርን የሚወዱ፣ በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን በዓል የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ቤታቸው ድህነት ገባ። የሚዘክሩበት አጡ። ልብሳቸውን ሸጠው በዓሉን ሊያከብሩ ተነሡ። እስከዚህ ድረስ አማትሽ ልክ ናቸው።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ብዙ ሰው ሲተርከው ይዘለዋል። ቅዱስ ሚካኤል ለዱራታዎስ ተገለጠለትና ልብሱን እንዳይሸጥ አዘዘው። አዎ፣ እንዳይሸጥ። ይልቅስ ከበግ አርቢው አንድ በግ በዲናር ሲሶ እንዲወስድ ነገረው። ከዓሣ አጥማጁም አንድ ዓሣ በዲናር ሲሶ እንዲወስድ፣ እሱ እስኪመጣ ግን ሆዱን እንዳይከፍተው አስጠነቀቀው። ከስንዴ ሻጩም የሚያስፈልገውን ያህል እንዲወስድ አዘዘው። ዱራታዎስ የተባለውን አደረገ፤ እንደ ልማዱም ሰዉን ጠራ። ወይን ጠጅ ፍለጋ ጓዳ ቢገባ ዕቃው ሁሉ ሞልቶ አገኘው። እንግዶቹ በልተው ጠጥተው ከተሸኙ በኋላ መልአኩ መጣ። የዓሣው ሆድ ሲከፈት 300 ዲናርና ሦስት የሲሶ ዲናር ሳንቲሞች ተገኙ። ሦስቱ ሳንቲሞች የበጉ፣ የዓሣውና የስንዴው ዋጋ እንዲሆኑ፣ 300ው ደግሞ ለእነሱና ለልጆቻቸው እንዲሆን ነገራቸው።

አየሽ፣ ዱራታዎስን ልብሱን ከመሸጥ ያስቆመው ሌላ ሰው አይደለም። በዓሉ የሚከበርለት መልአክ ራሱ ነው። ባለ በዓሉ «አትሽጥ» ካለ፣ አንቺ ሐብልሽን የምትሸጪው ለማን ብለሽ ነው? ለሚካኤል ነው ወይስ ለማኅበርተኛው ዓይን? ዱራታዎስ በዱቤ መውሰዱን አልሸሽግሽም። ግን የወሰደው አንድ በግ፣ አንድ ዓሣና ስንዴ ነው። ዋጋቸውም እዚያው በዓሣው ሆድ ውስጥ ተቆጥሮ ተገኘ። ባለ በጉም፣ አሣ አጥማጁም፣ ስንዴ ሻጩም ሐቃቸው አልቀረም። ለልጆቹም ታሰበላቸው። ያንቺ 20 ሺህ ብር ግን በምን እንደሚመለስ ደብዳቤሽ ላይ የለም። ከልጆችሽ ደብተርና ከቤትሽ አስቤዛ እየተቆነጠረ እንደሚወጣ እገምታለሁ። ሚካኤል ከልጆች አፍ ተነጥቆ የሚመጣ ዝክር አይፈልግም።

ይህ ታሪክ ለማስፈራሪያ ሲውል ስሰማ በጣም አዝናለሁ። የተጻፈው እጁ ያጠረ ሰው እንዲጽናና ነው። ከአማትሽ ጋር ግን አትከራከሪ። የማኅበሩን ካህን አስቀድመሽ ለምኛቸው፤ በዕለቱ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡላችሁ። አማትሽም እዚያው ተቀምጠው ይስሙት። ከካህን አፍ ሲመጣ ይቀበሉታል።

«በግ ካልታረደ በዓሉ ይጎድላል» የሚልሽ ሰውም አይጠፋም። እስቲ ጠይቂው፦ 12 ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ማኅበራችሁ ምን ያቀርባል? ሽሮና ምስር አይደል? ያን ዕለት ሚካኤል ጎደለበት ያለ ሰው አለ? የለም። ኅዳር 12 ላይ ሥጋው የሚበረታው 15 ላይ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ነው። ሰው «ሳይገባ» እያለ ይጣደፋል። ይህ የሆድ ነገር ነው፤ የሃይማኖት ሥርዓት አይደለም።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። የተናገረው ግማሹ ወንጌል ነው። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ምሳ ወይም እራት ስታዘጋጅ መልሰው የሚጋብዙህን ወዳጆችህንና ባለጸጋ ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ ድሆችን ጥራ፣ የሚከፍሉህ የላቸውምና ይላል። ባልሽ ይህንን አንብቦትም ይሁን ከልቡ አፍልቆት ትክክል ብሏል። ዛሬ አንቺ፣ ነገ እኔ እየተባለ ጠጋቢ ለጠጋቢ የሚያቀርበው ሥጋ ምጽዋት አይባልም።

«ማኅበሩን ተዪው» ያለው ላይ ግን አልስማማም። ስትወልጂ ገንፎሽን ያገነፉልሽ እነማን ናቸው? እናትሽ ሲያርፉ ሠልስቱ እስኪያልፍ ቤትሽ ያደሩት፣ ምጣድሽን ጥደው ያስተናገዱልሽስ? አልጻፍሽልኝም። የባሕር ዳርን ሰው ስለማውቅ ግን መገመት አያቅተኝም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ለተቀመጠ ነዳይ ብር መስጠት ደግ ነው፤ አይቅርብሽ። ነገር ግን ስሙን ሳትጠይቂው ታልፊያለሽ። እሱም ያንቺን አያውቅም። ማኅበርተኛ ግን ስትቀሪ «ምነው ዛሬ ቀረች?» የሚል ሰው ነው። ክርስትናችን ምጽዋትን ከአብሮነት ነጥሎ አላስተማረንም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ያመኑት ሁሉ አብረው ነበሩ ካለ በኋላ ነው ያላቸውን አንድ አደረጉ የሚለው። ምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ በመካከላቸው አንድ እንኳ ችግረኛ አልነበረም ይላል። «በመካከላቸው» የምትለዋ እኔን ሁልጊዜ ታስጨንቀኛለች። ከደጅ ያለውን ችግረኛ ከመቁጠር በፊት ከመካከላችን ያለውን ማየት ይቀድማል። በእናንተ መካከል አንዲት አለች። እሷም በሐፍረት ወጥታለች።

በአንድነት ገዳም የሚኖሩ መነኮሳት እስከ ዛሬ በዚህ ሥርዓት ነው የሚተዳደሩት። «የእኔ» የሚሉት የላቸውም፤ ሥራውም ማዕዱም የጋራ ነው። እኛ ትዳርና ልጆች ያለን ሰዎች ያንን ሁሉ ባንችል፣ በወር አንድ ቀን ያንን ማዕድ ቤታችን እናስገባለን። ጽዋ ማኅበር ለእኔ ይህ ነው። ለዚህ ነው አትተዪው የምልሽ።

እንዲህ ያለው መበላለጥ ዛሬ የመጣም እንዳይመስልሽ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ ይህንኑ ነው የሚገሥጸው። እነዚያ ሰዎች ለቅዱስ ማዕድ እየተሰበሰቡ ያለው ቀድሞ ይበላል፣ የሌለው ተርቦ ያያል፤ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል። ጳውሎስ ምን አላቸው? የምትበሉበት ቤት የላችሁምን? ወይስ የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁ፣ ምንም የሌላቸውንስ ታሳፍራላችሁን? የተቆጣው ስለበሉ አይደለም፤ የሌለውን ስላሳፈሩ ነው። እናንተ ቤትም በግ ያረደው ሰው ያቺን እናት ላሳፍር ብሎ አላረደም። ድንኳን የተከለውም እንዲሁ። ግን ድንኳኑን፣ የቢራውን ሣጥንና ቪዲዮውን ያየች ሴት፣ ጉልት ላይ ቲማቲም መድባ የምትውል እናት፣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ምን ብላ እንዳሰበች አንቺም እኔም እናውቃለን። «አሞኛል» አለች። እውነትም አሟታል።

ስለዚህ የማምንበትን በግልጽ ልበልሽ። የጽዋ ማኅበር ልክ መወሰን ያለበት አቅሙ ከሁሉ ባነሰው አባል ነው። እሷ ሳትጨነቅ ልታቀርበው የምትችለው ማዕድ የሁሉም ማዕድ ይሁን። የተረፈው ሰው የተረፈውን ይስጥ፣ እግዚአብሔር ይባርክለት። ግን ትርፉ በሰሐን ላይ አይታይ። ሣጥን ውስጥ ይግባ፣ ስሙ ሳይጠራ፣ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ።

የሣጥኑም ነገር ከእኔ የወጣ አይደለም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሰሜን አፍሪካ፣ በካርታጅ ከተማ የኖረው ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስ ክርስቲያኖች እንዴት እንደሚኖሩ ለሮማ ገዥዎች ሲያስረዳ ጽፎታል። ሁሉም በወር አንድ ቀን፣ ወይም በፈለገበት ጊዜ፣ ትንሽ ገንዘብ ያስቀምጣል። የሚያስቀምጠውም ከፈለገና ከቻለ ብቻ ነው፤ ማንም አይገደድም። ገንዘቡ ለድግስና ለመጠጥ አይወጣም። ድሆችን ለመመገብና ለመቅበር፣ ወላጅና ሀብት ለሌላቸው ልጆች፣ ከቤት መውጣት ላቃታቸው አረጋውያን፣ መርከብ ተሰብሮባቸው ለተቸገሩ ይውላል። ይህን ያነበበ የእኛ አገር ሰው እድሩንና ማኅበሩን ያስታውሳል። ልዩነቱ «ከፈለገና ከቻለ» የሚለው ላይ ነው። በእድር መዋጮው እኩል መሆኑ፣ ያጓደለም መቀጣቱ ተገቢ ነው። ሞት ቤት አይመርጥምና ሁሉም እኩል ይሸከመዋል። የሚካኤል ሣጥን ግን እንዲህ ሊሆን አይገባም። እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም ይላል ያው ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 9። ደብተር ይዞ «እገሌ ይህን ያህል» የሚል ጸሐፊ በሣጥኑ አጠገብ አይቁም።

በነገራችን ላይ ይህ የጽዋ ማኅበርተኞች ብቻ ጣጣ አይደለም። በየቤቱ ተራ እየገቡ ለጸሎት የሚሰባሰቡ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንም ይህንኑ ይጽፉልኛል። ሻይና ዳቦ የነበረው ኬክና ምሳ ሆኖ፣ ተራው ሲደርስ ቤት የሚቀይር ሰው አለ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከኅዳር 12 በፊት ጥቅምት 12 አለ። ማኅበሩ ያን ቀን ሲሰበሰብ ነገሩ የበሰለ መሆን አለበት። ስለዚህ ከዚያ በፊት የማኅበሩን መሪ፣ ሙሴውን፣ ቤታቸው ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ጉባኤ መሐል ድንገት እንዳታነሺው። ግንቦት ላይ የደገሰው ሰው በእሱ የመጣ ይመስለውና ነገሩ ጠብ ይሆናል። ብቻሽንም አትሂጂ። ከእናትሽ እኩዮች አንዷን፣ የዳቦና የጠላውን ዘመን የምታስታውስ አንዲት እናት አስከትዪ። እሷ አንድ ቃል ብትናገር ያንቺን አሥር ቃል ትበልጣለች።

ስትናገሪም ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ኅዳር 12 ጽዋው እኔ ቤት ነው። እንደ እናቴ ጊዜ በዳቦ፣ በጠላና በንፍሮ ልዘክር ነው። ከዚያ በላይ አቅሜ አይፈቅድም። ከእኔ በኋላ የሚረከቡትም እንዲሁ ቢያደርጉ ማንም በአቅም ምክንያት አይቀርም ነበር። በዓመት አንዴ ሥጋ ይሁን ከተባለም ሁላችን በየአቅማችን አዋጥተን፣ በአንድ ሰው ቤት ላይ ሳይወድቅ እናድርገው።» ከዚህ ውስጥ «አቅሜ አይፈቅድም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትዘያት። አፍሽ ላይ ትከብድሻለች፤ አውቃለሁ። ግን ከ24ቱ ውስጥ ይህችን ቃል ማንም ደፍሮ ስላላወጣት ነው ነገሩ እዚህ የደረሰው። አንቺ ስትያት በስንት ቤት እፎይ እንደሚባል ታያለሽ። ቪዲዮ ያስነሳው ሰው ራሱ ዕዳውን እየከፈለ ሊሆን ይችላል።

የዚያችን እናት ስም ግን በሙሴው ፊትም ቢሆን አታንሺ። ገመናዋን በ«አሞኛል» ሸፍናዋለች፤ እንደተሸፈነ ተዪላት።

እሷን የምታናግሪያት አንቺ ነሽ። ጉልቷ ላይ ሳይሆን ማታ ቤቷ ሄደሽ አናግሪያት፤ ገበያ ላይ ጆሮ ብዙ ነው። «ለምን ቀረሽ?» ብለሽም አትጀምሪ። «ኅዳር 12 ተራዬ ነው፣ ብቻዬን አልችለውም፣ አብረሽኝ ዘክሪ» በያት። ይህ ውሸት አይደለም፤ እውነትሽን ብቻሽን አትችይውም። ቤቱ ያንቺ ይሁን፣ የዳቦው ሊጥ በእሷ እጅ ይቦካ። ዱቄት ማምጣት ከቻለች ትንሽም ብትሆን ታምጣ፤ አትከልክያት። ጽዋው የሁለታችሁ ተራ ተብሎ ይያዝ። በዚህ መንገድ ስትመለስ ሰው አዝኖላት የገባች ተረጂ አትሆንም። በሩ ላይ ቆማ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» የምትል ባለቤት ናት። እኔ በዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ነገር በላይ የምመኘው ይህንን ነው። ጤፍ መስጠት ረሃቧን ያስታግሳል፣ ይቀጥል። የተሰበረ አንገቷን የሚያቀናው ግን ሌሎችን ማስተናገዷ ነው። ድሃ ሰው መቀበል ብቻ ዕጣው ሲሆን ይሰለቸዋል፣ ያመዋልም። እሱም መስጠት ያምረዋል። የሰራፕታዋን መበለት አስታውሺ። እግዚአብሔር ኤልያስን የላከው ዱቄት ወደ ሞላበት ቤት አይደለም፤ አንድ እፍኝ ወደ ቀራት ሴት ነው።

ማዕዱ ቀለል ይበል ስልሽ ግን ዝርክርክ ይሁን ማለቴ አይደለም። ዳቦውን አሳምሩት። ስንዴው በደንብ ይነፋ። ሊጡ አመሻሽ ላይ ተቦክቶ ይደር። ኮባውን ጠርጋችሁ ምጣዱ ላይ ደራርባችሁ አንጥፉት፣ ከላይም አልብሱት፤ እሳቱን ከላይም ከታችም በዝግታ ስጡት። ጠዋት ኮባው ሲነሣ ሽታው ለጎረቤት ይዳረሳል። ጠላው ጊዜ ስለሚፈልግ ጥንስሱን በጥቅምት ጀምሪው። ጌሾውን የዘጌ ብታገኚ ጥሩ ነው። ንፍሮው ስንዴና ሽምብራ ይሁን። ቡና ይፈላ። የሚካኤል ሥዕል ያለበትን ጽዋ የምታሳርፊበት ቦታ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍበት። እንዲህ ተደርጎ ካህኑ ዳቦውን ሲባርኩት ማንም «ጎደለ» የሚለው ነገር አይኖርም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ፤ ይህ በተለይ ለባለቤትሽ ነው። ከዳቦው ሁለቱን አስቀሩ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከየገጠሩ ሕመምተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ አይጠፋበትም። ሕመምተኛው አልጋ ሲያገኝ አስታማሚው ጋቢውን አንጥፎ መሬት ያድራል። ያመጣው ስንቅ ሲያልቅ የሚጠይቀው ዘመድ በከተማው የለም። ማኅበርተኛው ቤት ተቀምጦ እያለ ባለቤትሽ ባጃጁን አስነሥቶ ዳቦውንና ንፍሮውን ያድርስ። ከማኅበርተኞቹ አንድ ሁለት ሰው አብሮት ይሂድ። ሰጥቶ መመለስ ብቻ ሳይሆን «ከየት መጣችሁ? ማን ነው የታመመው?» ብለው ይጠይቁ። «ለነዳያን ስጫት» ያለው ቃሉ በራሱ እጅ ይፈጸም። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በራችሁ ቢመጣም ቁራሽ ሰጥታችሁ አትሸኙት፤ ያን ቀን ግባ፣ ተቀመጥ በሉት። ከቀያቸው ተፈናቅለው በሰፈራችሁ የተጠጉ ካሉም ልጆቻቸውን ይዘው ይምጡ። ሉቃስ 14 ይኼው ነው።

«ሙሴው ባይስማሙስ?» ትዪኝ ይሆናል። ባይስማሙም አንቺ በዳቦና በጠላሽ ዘክሪ። ቤቱ ያንቺ ነው። የሚያማ ሰው ይኖራል፣ አልዋሽሽም። «በእናቷ ማኅበር ቆጠበች» ይሉሻል። ሐሜቱ እስከ ጾሙ መግቢያ ቢቆይ ነው፤ የ20 ሺህ ብር ዕዳ ግን እስከ ፋሲካም አይለቅሽ። ጽዋ አይመለስም የሚለው ፍርሃት ደግሞ አንቺን አይመለከትም። አልመለስሽም፤ ተቀብለሽ ባለሽ አክብረሻል። ስለት ወይም የገባሽው ቃል ካለ ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እኔ ካህን አይደለሁም፣ በእሱ ላይ ቃል አልሰጥሽም።

የጤፉ ነገር ቀርቶናል። ሌብነት አይደለም። የቤቱ ጓዳ የባልሽ ብቻ አይደለም፣ ያንቺም ነው። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባለው በሰው ፊት ለመታየት ለሚሰጥ ሰው ነው እንጂ ባልና ሚስት እንዲደባበቁ አይደለም። ደግሞም ባልሽ «ለነዳያን ስጪ» የሚል ሰው ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ምጽዋት መደበቅ ለምን አስፈለገ? ምናልባት የቤታችሁ ጤፍ ራሱ እያነሰ ስለሆነ ይሆናል። እንዲያም ከሆነ ዛሬ ማታ ሥራ ውሎ ሲገባ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቁጭ ብላችሁ በወር ስንት ኪሎ መስጠት እንደምትችሉ ወስኑ። ሁለት ኪሎ ብቻም ቢሆን ችግር የለውም። ሳይቆራረጥ በየወሩ በታወቀ ቀን ይድረሳት፤ ያቺ እናት ሁለቱን ኪሎ ቆጥራ የቀረውን ታቅዳለች።